በበረዶ ላይ የተነጠፈ ሜዳ

ኦርቪል ዲትመር ዕድሜውን የፈጀው ሌላ ሰው በሚረግጠው ነገር ላይ ተንበርክኮ ነው። በሴንት ሉዊስ ደቡብ ሰፈሮች እሱ ያላነጠፈው ሳሎን ጥቂት ነው። ምንጣፍ በእጅ ብቻ አይወጠርም፤ የመወጠሪያውን ብረት በጉልበት ሎሚ እየነረቱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሲነርት ኖሮ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው ደረጃ የሚወርደው እንደ ሕፃን አንዱን እግር ወደ አንዱ እያጠጋ ሆነ። ታዲያ ማን አይቶት! ሰው ምንጣፉን እንጂ አንጣፊውን አያይም። ይገባል፣ ይረግጣል፣ ቢራ ይደፋበታል፣ በቃ።

እሱን ያዩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መልህቅ የሚባለው ቡድን በሚጫወትበት አዳራሽ።

የአዳራሹ ወለል በረዶ ነው። ብርዱ ከገባ እስኪወጣ አይቀልጥም፤ የቤቱ ዋና ገቢ የበረዶ ሆኪ ስለሆነ ኳስ የሚጫወቱት በተውሶ ነው። በረዶው ላይ ኮምፔርሳቶ ይደረደራል፣ በዚያ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ዙሪያውን ደረት የሚደርስ ግድግዳ ይቆማል፣ ስድስት ለስድስት ይጋጠማሉ። ኳሷ ከግድግዳው እየነጠረች ስለምትመለስ ትንፋሽ መሰብሰቢያ የለም። ያጠፋ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ከመስታወት ጀርባ ይታሰራል። አውራ ጎዳና ላይ ያለ ጠብ ነው የሚመስለው፤ ሕዝቡም የሚወደው ለዚሁ ነበር።

ነበር ነው እንግዲህ። ቡድኑ በተመሠረተ ሰሞን ሰው የሚመጣው በአውቶቡስ ተጭኖ ነው። በካቶሊኮቹ ጾም ዓርብ ዓርብ ከየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የተጠበሰ ዓሣውን በልቶ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ልጆቹን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ይጎርፍ ነበር። ተጫዋቾቹ የማንም አገር ዝነኞች አይደሉም፤ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የጎረቤት ልጅ። ጨዋታው ሲያልቅ አንዱም ወደ ልብስ መቀየሪያ አይገባም። ልጆች ግድግዳውን ዘለው ይወርዳሉ፤ የመጨረሻው ልጅ ኳሱ ላይ፣ ሸሚዙ ላይ፣ ካጣም ክንዱ ላይ እስኪፈረምለት ድረስ ሁሉም ላቡ እየደረቀበት ምንጣፉ ላይ ይቆማል። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ድምፅ ማጉያው «ሜዳችንን ያነጠፈልን ኦርቪል ዲትመር!» ብሎ ይጠራዋል። አሥራ ስድስት ሺህ ሰው ያጨበጭባል። ኦርቪል ኮፍያውን አንሥቶ መልሶ ያደርጋል፤ ከዚያ የሚገባበት ይጠፋዋል። ሚስቱ ኤልዳ «በሰርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልቀላህም» ትለዋለች።

ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው አሥራ አንድ ዓመት የሠራው። የሚስቅበት ካለ ይሳቅ።

ምንጣፉ አሥራ አራት ጥቅል ነው። ሁሉም ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር አለው፤ ኦርቪል ግን ቁጥር አያነብም፤ ጠባያቸውን ያውቃል። ሦስተኛው ጨዋ ነው። ዘጠነኛው አንድ ሰካራም ሲጋራ የጣለበት ነው። ስድስተኛው አመለኛ ነው፤ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ተጠቅልሎ ሰንብቶ ሲወጣ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል። ለዚህ ነው የኦርቪል ሕግ አንድ የሆነው፦ ምንጣፍ ከተዘረጋ በኋላ ይተኛ። ሙቀት እስኪገባው፣ ጠርዙ እስኪረግብ ድረስ አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ነው መጋጠሚያው በፕላስተር የሚያያዘው። «ያልተኛ ምንጣፍ ተነሥቶ ይናከሳል» ይላል። ሥራው በደህና ቀን አሥር ሰውና ስድስት ሰዓት ይፈልጋል።

አሥሩን ሰው አምስት ያደረገው ስኪፕ ሃርግሮቭ ነው። ከቴክሳስ የመጣ የመዋኛ ገንዳ ነጋዴ። ቡድኑን ሲገዛ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ «ሚስተር ምናምን የሚባል ነገር አልወድም፤ ስኪፕ በሉኝ፤ እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የሚስቅ ጌታ ከሚቆጣ ጌታ የባሰ መሆኑን የዚያ አገር ሰው ስንት ጊዜ ቢቀጣ አይማርም። በመጀመሪያው ዓመት አውቶቡሶቹን አስቀረ፤ በሁለተኛው የተጫዋቾቹን ደመወዝ ቀነሰ፤ በሦስተኛው አንጣፊዎቹን በግማሽ ቀነሰ። መቀመጫው ባዶ ሲቀር «የእናንተ ከተማ ሰው ኳስ አይወድም» ብሎ በጋዜጣ ተናገረ። ሊጉ ምን አደረገ? ሊጉማ ራሱ ስሙን እየቀያየረ ሦስት ጊዜ ሞቶ የተነሣ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

አንድ ነገር ግን ሊጉ አጥብቆ ይዟል። ቡድን በገዛ ሜዳው ጨዋታ በሰዓቱ ሳያስጀምር ሦስት ጊዜ ከቀረ ፈቃዱ ይነጠቃል። መልህቅ በዚያ ዓመት ሁለቱን ጨርሶ ነበር፤ አንዴ አዳራሹ በኪራይ ጠብ ተቆልፎበት፣ አንዴ መብራት ተቃጥሎ። ቀሪዋ አንዲት ናት።

እሷም በየካቲት አንድ እሑድ መጣች።

ጨዋታው ስምንት ሰዓት ነው። ኦርቪል ማለዳ አራት ሰዎቹን ይዞ ሲደርስ በረዶው ላይ ነጠላ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች በሙዚቃ ይንሸራተታሉ። አዳራሹ በረዶውን ለአንድ የሸርታቴ ትርዒት ልምምድ እስከ አራት ሰዓት ተኩል አከራይቶታል። ቢሮ ውስጥ ያለችው ቦኒ ካፑቶ ብቻ ናት፤ ትኬት የምትሸጠውም፣ ስልክ የምታነሣውም፣ ማሊያ የምታጥበውም እሷው ናት።

«ቦኒ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሆዴ፣ እኔንም አሁን ነው የነገሩኝ። ስኪፕጋ ደወልኩ፤ ጎልፍ ላይ ነው።»

«በየካቲት?»

«ፍሎሪዳ ነው ያለው። 'ኦርቪል መላ አታጣም በያት' አለኝ። በያት ነው ያለው እኮ፤ ሴት መሆንህን እስካሁን አልነገርከኝም።»

ኦርቪል አልሳቀም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። «አይደርስም» አለ።

«ካልደረሰ መቅረታችን ነው። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እኔማ ሌላ ሥራ አገኛለሁ» አለች ቦኒ፤ ቀጥሎ ግን ማሊያ ማጠፍ ጀመረች፤ ታጥፎ ያለቀውን ፈትታ እንደገና።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገቡ። አምስት ሰው እንደ አሥር ሰው ሠራ። ኮምፔርሳቶው አለቀ፣ ግድግዳው ቆመ፣ ጥቅሎቹ ተፈቱ። ኦርቪል በአራት እግሩ ከጫፍ ጫፍ እየተሳበ ፕላስተሩን ይለጥፋል። ስድስተኛው ጥቅል ከሰባተኛው የሚጋጠምበት ላይ ሲደርስ ጠርዙ በእጁ ሲጫነው ይተኛል፣ ሲለቀው ይነሣል። ከሥሩ ያለው ቅዝቃዜ ፕላስተሩን አላስይዝ አለ። ሠራተኞቹ የሚሞቁበትን ማሞቂያ ወስዶ አሞቀው፤ መጫሚያውን አውልቆ በካልሲው ቆመበት፤ በቡጢ መታው። ያዘ። ወዲያው ደግሞ ጥፍር ታህል ከፍ አለ።

ሬይ ሹልቴ ለማሟሟቅ ኳስ እያንከባለለ የመጣው ይኼኔ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ፖስታ አዳይ ነው፤ የኦርቪል አጥቢያ ልጅ ነው። ሳሎናቸውን ኦርቪል ሲያነጥፍ ሬይ ገና በዳዴ የሚሄድ ነበር፤ በጥቅሉ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሎ አስቸግሯል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ጸሎት ነው ወይስ ሥራ?»

«ሁለቱም። ስማኝ ሬይ፤ እዚህች ጋ አትሩጥ። ስድስተኛው አልተኛም።»

«አንተም አልተኛህም፤ ፊትህን አይተኸዋል?»

«ቀልዴን አይደለም።»

ሬይ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ ከሥር ገባ። ቀና ብሎ ወንበሮቹን አየ፤ ሰው መግባት ጀምሯል። «ኳሷ እዚህ ከመጣችስ ምን ልበላት? ዙሪያውን ሂጂ ልበላት?»

«እኔ ልንገርህ ብዬ ነው።»

«ነገርከኝ።»

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ዳኛው መጣ። ቀጭን የሒሳብ መምህር ነው፤ ቃል አያባክንም። በዚያ አዳራሽ ልማዱ ይኼ ነው፦ ዳኛው ከአንጣፊው ጋር ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሮ ይጠይቀዋል፤ ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፤ የአንጣፊው ቃል በቂ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኦርቪል ቃል በቂ ነበር። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ዳኛው በጫማው ጫፍ ጫን አለና ቆመ።

«ሚስተር ዲትመር፣ ሜዳው ያጫውታል?»

ሬይ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ኳሷን በጫማው ሥር ይዟታል። ኦርቪል አየው። ሬይም አየው። ከዚያ ሬይ ኳሷን ወደ ግድግዳው ለጋትና ተከትሏት ሄደ።

«ያጫውታል» አለ ኦርቪል።

አንዲት ቃል ናት። ሰው በአንዲት ቃል ቤት ይሠራል፣ በአንዲት ቃል ሰው ይሰብራል። ኦርቪል ክፉ ሰው ስላልሆነ ሰበብ ልፈልግለት? አልፈልግለትም። ለቡድኑ ብሎ ዋሸ፤ ለቦኒ፣ ለዓርቡ ዓሣ፣ ለእነዚያ ልጆች፣ ለግማሽ ደቂቃ ጭብጨባ ብሎ ዋሸ። የሚወዱትን ለማዳን የሚዋሽ ሰው ሌላው ሁሉ ከዋሸው ውሸት ይልቅ የራሱ ንጹሕ ይመስለዋል። ምንጣፉ ግን ለማን ተብሎ እንደተዋሸ አይጠይቅም።

ሦስት ሺህ ሰው ገብቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች በደህና አለፉ። ኦርቪል ከመስታወቱ ጀርባ፣ ያጠፉ ተጫዋቾች በሚታሰሩበት አግዳሚ ጫፍ ተቀምጦ ዓይኑን ከስድስተኛው አልነቀለም። በሦስተኛው መልህቅ አንድ ሰው ታስሮበት በአምስት ሲከላከል፣ ኳሷ ከግድግዳው ነጥራ ወደ መሐል ገባች። ሬይ የተጋጣሚውን አጥቂ ለመቅደም ተስፈነጠረ። ጫማው ከጠርዙ ሥር ገባ። እግሩ ቀረ፣ ሰውየው ሄደ።

ድምፁን ሰዉ ሁሉ ሰማው። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው።

ኦርቪል እንዴት እዚያ እንደደረሰ አያውቅም። ሬይ አልጮኸም፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ እጁ ምንጣፉን ጨብጦ፣ «ኦርቭ፣ እንዳትነካኝ፣ እንዳትነካኝ» ይላል ደጋግሞ። በቃሬዛ ወሰዱት። ጠርዙን በፕላስተር ሦስት እጥፍ አሽገው ጨዋታውን ቀጠሉ። መልህቅ ሰባት ለአምስት አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ዘለው ወረዱ፤ የሚፈርም ግን ጠፋ። ብዕራቸውን ይዘው የታሸገውን ቦታ ከበው ቆሙ። አንዷ በእግሯ ጫፍ ነካ ስታደርገው ሌላኛዋ ጎተተቻት።

ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ቡድኑ ፈረሰ።

በስብሰባ አይደለም፣ በደብዳቤም አይደለም። ስኪፕ ለሬዲዮ ተናግሮ ሠራተኛው ከሬዲዮ ሰማ፤ ቤተሰብ ተብሎ የተሰበሰበው ሠራተኛ። ቡድኑ ወደ አሪዞና ሄዷል፤ ስሙም ይቀየራል። ኦርቪል ዕቃውን ሊሰበስብ ሲሄድ ቦኒን ባዶ ቢሮ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ አገኛት። እጇ ላይ ወረቀት አለ።

«ና ተቀመጥ» አለችው። «አይ፣ ቆመህም ስማው። ሽያጩ መቼ እንደተፈረመ ታውቃለህ?»

«መቼ?»

«ከዚያ እሑድ ዘጠኝ ቀን በፊት።»

ኦርቪል አልገባውም። «ታዲያ እኛ ለምን ተጫወትን?»

«ገንዘቡ ገና አልተከፈለውማ፤ ፈቃዱ ከተነጠቀ የሚሸጠው ምን አለውና? ሦስተኛዋ ብትጨመርበት እጁ ላይ የሚቀረው አሮጌ ምንጣፍ ነው። ያቺን ጨዋታ በሰዓቱ ማስጀመር ለእሱ...» ፊቱን አይታ ወረቀቱን አወረደች። «ኦርቪል? ሆዴ፣ ምን ሆንክ?»

ቡድኑን አድናለሁ ብሎ የሰውየውን ገበያ አዳነለት። የሬይ ጉልበት የስኪፕ ሃርግሮቭ ሽያጭ ማኅተም ሆነ። ስኪፕ ደግሞ ይኼንን እንኳ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገው። እንዲህ ያለ ሰው እጁን አያቆሽሽም፤ የሚወደው ነገር ያለው ምስኪን ፈልጎ ያቆሽሽለታል። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ተነሥቶ ይከሰዋል ብላችሁ ጠብቁ!

ኦርቪል ለኤልዳ ነገራት። ኤልዳ «ለእኔ መንገርህ ለማን ይጠቅማል?» አለችው።

በማግስቱ ሬይ ቤት ሄደ። ሬይ ሳሎን ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ያያል። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ተከፍቷል። ሐኪሞቹ ኳስ ቀርቶ የፖስታ ቦርሳ ይዞ በቀን ስምንት ማይል መሄዱም አበቃለት ብለዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ከኋላ ክፍል ቁጭ ብሎ ደብዳቤ እንዲለይ ሊያደርገው ነው።

«አሥራ ሁለት ዓመት የአራት መቶ ቤት ውሻ በስሙ አውቃለሁ» አለ ሬይ። «አሁን ቁጥር ላነብ ነው።»

ኦርቪል ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ሁሉንም ነገረው፤ ሽያጩን፣ ቀኑን፣ ለዳኛው ያለውን።

«ለዳኛው ያልከውንማ ሰምቻለሁ» አለ ሬይ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«እሱን ተወው። በይቅርታ ጉልበት አይታጠፍም፣ አይቀጠልም።» ሬይ ወደ ወጥ ቤቱ በር በአገጩ አሳየው። ከዚያ የሚስቱ የቢላ ድምፅ ይሰማል። «ይቅርታ ሳይሆን ሥራ ልስጥህ። ኖሪን አታናግረኝም። 'በሠላሳ አራት ዓመትህ እንደ ጎረምሳ ስትዘል፣ ሦስት ልጅ ያለህ ሰው' ብላ ከዚያ ወዲህ ዝም። ጥፋቱ የእኔ ይመስላታል። ገብተህ ንገራት። ጥፋቱ የሜዳው እንደነበረ ንገራት።»

ኦርቪል ገባ። ኖሪን ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ትልጣለች። ዞራ አይታው፣ ወንበር በእግሯ ገፋችለት፣ መላጧን ቀጠለች። ሲነግራት አላቋረጠችውም። ልጣጩ አንድ ወጥ ሆኖ እየረዘመ ሄዶ ተበጠሰ።

«ስለዚህ ታውቅ ነበር» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«ዳኛው ጠየቀህ።»

«ጠየቀኝ፤ ያጫውታል አልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው ኖሪን። የሬይ አይደለም።»

ቢላዋን አስቀመጠች። የተናደደ ሰው ፊት አልነበራትም፤ አንድ ነገር የምታስብ ሰው ፊት ነው።

«ዳኛው ሲጠይቅህ ሬይ የት ነበር?»

ኦርቪል ወደ በሩ አየ። ከሳሎን ምንም ድምፅ የለም። አንድ ውሸት ዋሽቶ አንድ ሰው ሰብሯል፤ ሁለተኛው ውሸት ደግሞ ይኸው ተዘጋጅቶ፣ ደግ መስሎ፣ ምላሱ ላይ ተቀምጧል። መልበሻ ክፍል ነበር ቢል ያበቃል። ሬይ የላከውም ለዚሁ ነው።

«አጠገቤ ነበር» አለ።

«ሰምቷል?»

«ሰምቷል። ከዚያ በፊትም እኔው ነግሬዋለሁ። በእጁ ዳስሶታል።»

ኖሪን እጇን በፎጣ ጠረገች። ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። ከዚያ አልፋው ወደ ሳሎን ሄደች። ኦርቪል ተከትሎ መውጣትም መቀመጥም አቃተው። የቴሌቪዥኑ መጥፊያ ቀጭ ሲል ሰማ።

«አንተም?» አለች ኖሪን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንተም ታውቅ ነበር፣ ሬይ?»

«ለቡድኑ ብዬ ነው» አለ ሬይ። «ቡድኑ ይፈርሳል ብዬ ነው።»

ኦርቪል በጓሮ በር ወጣ። ከቤቱ ውስጥ ጩኸት አልተከተለውም፤ ጩኸት ቢከተለው ይሻለው ነበር። መንገዱ ላይ አዲሱ ፖስታ አዳይ፣ ወጣት ልጅ፣ የበሩን ቁጥርና የደብዳቤውን ቁጥር እያስተያየ «ሹልቴ የሚባል እዚህ ነው?» ሲል ጠየቀው። ኦርቪል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀለትና ወደ ታችኛው መንገድ የሚወስደውን ደረጃ አንድ አንድ እግሩን እያወረደ ሄደ።